ሽማግሌ የተላከበት ጉብታ

ሰው ከሰው የሚጣላው በድንበር ነው፣ በውርስ ነው፣ በወሬ ነው። እኔ በዕድሜዬ አንድ ከባድ ጠብ ብጣላ፣ የተጣላሁት ዓለም ገና ስትጀምር የተሠራችው ሞለኪውል በእኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ተወለደች ወይስ አልተወለደችም በሚል ነው። ይህ አንሶኝ ለዕርቅ ሽማግሌ ልኬበታለሁ። ልጆቼ ይህን ታሪክ በሰው ፊት እንዳላነሳ ይለምኑኛል። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜ የቀረኝ ትልቁ ደስታ ራሴን ማማት ስለሆነ አነሳዋለሁ።

ጊዜው ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት ያለፈበት ነው። ቦሌ ላይ ትንሽ የቋጠረ ሁሉ ፎቅ ያስጀምራል፤ ብዙው ሳይጨርሰው ብረቱ ወደ ሰማይ እንደተቀሰረ ይቀራል። ገርጂ ግን በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበረች። የማስተምርበት ኮሌጅ ከመገናኛ ታክሲ ተይዞ፣ ከታክሲ ተወርዶ ደግሞ ሩብ ሰዓት በእግር የሚኬድበት ቦታ ላይ ነበር። መምህራኑ ሁላችንም በቦርሳችን የጫማ መጥረጊያ ጨርቅ እንይዛለን። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ተደርድረን፣ ጎንበስ ብለን ጫማችንን ስንወለውል ያየን ሰው፣ ልናስተምር ሳይሆን ለስግደት የመጣን ይመስለዋል።

ትምህርቴ ኬሚስትሪ ነው። በጎልማሳነቴ ሁለት ዓመት ብርዳም አገር ተልኬ ተምሬያለሁ። ከዚያ ይዤ የመጣሁት አንድ ካፖርትና አንድ ሐሳብ ነው። ካፖርቱን ብል ጨረሰው። ሐሳቡን ግን ብል እንኳ አልደፈረውም።

ሐሳቡ ይህ ነው። የሚያውቁት እንደሚሉት ዓለም ስትጀምር ግለት ብቻ ነበረች። ቀዝቀዝ ስትል፣ የነበረው ነገር ሁሉ ሃይድሮጅንና ሂሊየም ነበር ማለት ይቻላል። ድንጋይ የለ፣ ውሃ የለ፣ አቧራ እንኳ የለ፤ ገርጂ ገና አልተፈጠረችም። ከዚያ ጋዝ ኮከብ እንዲሠራ ጋዙ ይበልጥ መቀዝቀዝ ነበረበት፤ እንዲቀዘቅዝ ደግሞ ሃይድሮጅኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረው ሞለኪውል መሆን ነበረባቸው። ችግሩ፣ ሁለት ሃይድሮጅኖች እንዲሁ ሲጋጩ አይጣመሩም። የግጭቱን ጉልበት የሚወስድላቸው ስለሌለ ተላትመው ይለያያሉ። አንደኛው ትርፍ ኤሌክትሮን የተሸከመ እንደሆነ ግን፣ ልክ ሲገናኙ ያ ኤሌክትሮን ጉልበቱን ይዞላቸው ይሄዳል፤ እነሱም ተጋብተው ይቀራሉ። ቦሌ ላይ ቤት አከራይቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ኬሚስትሪ አያስፈልገውም። ሁለቱን ወገን አገናኝቶ፣ ድርሻውን ይዞ የሚሰወር ደላላ ማለት ነው።

ያንን ጋብቻ በዓይኔ ማየት አማረኝ። ገርጂ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር።

ብርዳሙ አገር አብሮኝ የተማረ አንድ ፈረንጅ ነበር። እኔ ወደ አገሬ ስመለስ እሱ እዚያው ቀርቶ ፕሮፌሰር ሆነ። ይህን የምናገረው ያለ ቅናት ነው፤ ቅናቱን በሌላ ጊዜ እናገራለሁ። እሱ ሊጥለው የነበረ አሮጌ ማሽን ላከልን። ማሽኑ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰና መጋዘን ውስጥ ወራት ተኛ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ቅጹ ላይ «ለምን አገልግሎት» በሚለው ቦታ የዓለምን አጀማመር በሁለት ገጽ አብራርቼ አያይዤ ነበር። ያነበበልኝ ሠራተኛ ትሑት ሰው ነው። ቅጹ የሚያውቀው የቤት፣ የንግድና የእርሻ ዕቃን ብቻ እንደሆነ በአክብሮት ነገረኝ። ተማከርንና እርሻ ተባለ።

ማሽኑ ቁም ሣጥን የሚያህል ብረት ነው። ከግራና ከቀኝ ሁለት ቱቦ ይገቡበታል። በአንዱ ሃይድሮጅን ብቻውን፣ በሌላው ትርፍ ኤሌክትሮን የተሸከመውን ሃይድሮጅን እንልካለን፤ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ጫፍ ላይ ያለው መመዘኛ የሚያልፈውን ሁሉ በክብደቱ ይለያል። ክብደቱ ሁለት የሆነ ነገር፣ ማለትም የተጣመረ ሃይድሮጅን፣ ሲያልፍ፣ በሚንሸራተት ወረቀት ላይ አንድ ብዕር ከፍ ይልና ጉብታ ይሥላል። የዚህ ሁሉ ታሪክ ባለቤት ያ ጉብታ ነው።

አብራኝ የምትሠራው አንዲት ረዳት መምህርት ነበረች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ። አባቷ ከትግራይ መጥተው ቦሌ ላይ የመኪና መለዋወጫ የሚነግዱ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ከብረት ጋር የምትውለው በእሳቸው ወጥታ እንደሆነ ያምናሉ። እኔን «ጋሼ» ትለኛለች። በአክብሮት ትሰማኛለች። ከሰማችኝ በኋላ ደግሞ ራሷ ትለካዋለች። ያጣላን ይህ ሁለተኛው ልማዷ ነው።

ፕሮፌሰሩ ለአንድ የዶክትሬት ተማሪ ቦታ ነበረው። ከፋሲካ በኋላ ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ አዲስ አበባ ሁለት ቀን እንደሚያድርና፣ የእኛዋ ልጅ በማሽኑ ምን እንደሠራች አይቶ እዚያው እንደሚወስን ጻፈልኝ። ከሌላ አገር የሚወዳደሩም አሉ። እሷ ከዚያ በፊት ሁለት ቦታ አመልክታ ሁለቱም አልሆነላትም። ይህ ሦስተኛው ነው፤ አራተኛ እንደማይኖር እሷም እኔም እናውቃለን።

እኔ የምፈልገው ደግሞ ትንሽ ነገር ነበር፤ ስሜ አንድ የውጭ መጽሔት ላይ እንዲወጣ። ጽሑፉን ማሽኑ ሳይበራ ጀምሬ ጨርሼዋለሁ። ለውጤቱ ብቻ ክፍት ቦታ ትቻለሁ። ስሜን ከሁሉ አስቀድሜ፣ በሁለት ዓይነት ፊደል አስተይቤ የትኛው እንደሚያምር ባለቤቴን ጠየቅኳት። የትኛውም አላማራትም።

ማሽኑ እንዲሠራ ሆዱ ውስጥ አየር መኖር የለበትም። ባዶነት እንደሆነ ኮሌጃችን ውስጥ ሞልቶ ተርፏል፤ የኬሚካል ግምጃ ቤታችንን ያየ ይመስክር። የማሽን ባዶነት ግን ሌላ ነው። መጋዘን ሲከርም የመገጣጠሚያዎቹ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ሲያለከልክ ይውላል፤ አየሩ በስንጥቁ ሾልኮ ይመለሳል። ከውጭ ጎማ ማስመጣት ወራት ይፈጃል፤ እንግዳው ሊመጣ የቀረው ግን ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። ያን ጊዜ፣ የድሮ ሰዎች መገጣጠሚያ የሚደፍኑት በንብ ሰም እንደነበር የሆነ መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። በዕድሜዬ ካነበብኩት ሁሉ በተፈለገ ሰዓት ትዝ ያለኝ ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ለጥፋት።

ሾላ ገበያ ማር፣ ቅቤና ሰም የሚሸጡ፣ ከወሎ የመጡ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ ሐጂ ነበሩ። የቤታችንን ማር ከእሳቸው ነው የምንገዛው። ሄድኩ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፤ ጧፍ የሚሠሩት ሰዎች ንጹሑን ሰም ጠራርገው ወስደውታል፤ የቀረው ከቆፎ እንደወጣ ያለ ጥሬ ነው። ለምን እንደፈለግኩት ሲጠይቁኝ የዓለምን አጀማመር አጫወትኳቸው። ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው፤ ሁለት ደንበኛ እስኪያመልጣቸው ድረስ ሰሙኝ። ከዚያ፣ የዓለምን አጀማመር አላህ እንደሚያውቅ፣ ይህን ሰም ግን እሳቸውም እንደሚያውቁት ነገሩኝ። በፈላ ውሃ ላቅልጠው፣ በጨርቅ ላጥራው፣ ሲረጋ ከሥሩ የተቀመጠውን ልፋቅ፤ ይህንን ሦስት ጊዜ ልደጋግም። የተማረ ሰው ያልተማረ ሲመክረው የሚነቀንቃት አንዲት የራስ ንቅናቄ አለች፤ እሷን ነቀነቅኩ።

ኮሌጅ ደርሼ በዱቄት ወተት ጣሳ አንድ ጊዜ አቀለጥኩት፤ ለወጉ ያህልም በሻሽ አሳለፍኩት። ረዳት መምህርቷ ጎንበስ ብላ አየችና ውስጡ የንብ እግር እንዳለ ነገረችኝ። አንበላውም፣ ምን ቸገረሽ ብዬ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ለበጥኩ።

ያዘ። ፓምፑ ማለክለኩን ተወና እንደጠገበ ድመት ያንኮራፋ ጀመር። ጋዙን ለቀቅን። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ እየሄደ፣ እየሄደ፣ ሁለት ቁጥር ላይ ሲደርስ ተነሳ። ጉብታ ሠራ፤ የሚያምር፣ የደላው ሰው ቦርጭ የሚመስል ጉብታ። እኔ እጄን አጣጥፌ ፎቶ የሚነሳ ሰው ሆኜ ቆምኩ። ለትምህርት ክፍሉ በሙሉ ለስላሳ አስመጣሁ። በዚያው እሑድ በዕድራችን ስብሰባ ላይ ተነስቼ ለሕዝቡ አበሰርኩ። ዳኛችን ጡረታ የወጡ ሻምበል ናቸው፤ ነገሩ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዘዙ። ከለቅሶ ድንኳን ጥገና ቀጥሎ በተራ ቁጥር ሦስት ተያዘ።

ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪ ስገባ ረዳት መምህርቷ ማሽኑ ፊት ተቀምጣለች። ብዕሩ ጉብታውን ይሥላል።

«ጋሼ፣ ሁለቱንም የጋዝ ሶርስ ዘግቻቸዋለሁ» አለችኝ። «ሲግናሉ ግን አለ።»

«ምንም አልቀነሰም?»

«ትንሽ ቀንሷል። ሙሽራውም ሙሽራይቱም ሳይመጡ ሰርጉ እየተበላ ነው።»

ከትናንት በስቲያ የተረፈ ጋዝ እንደሚሆን አስረዳኋት። እሷ ሦስት ቀን ፓምፑን ሳታጠፋ፣ አንዲት ጠብታ ጋዝ ሳትለቅ ጠበቀች። ጉብታው ቁጭ ብሏል። ይባስ ብሎ ልማድ አወጣ፤ ጠዋት ዝቅ ይላል፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው ስድስት ሰዓት ላይ ያብጣል፣ አመሻሽ ላይ ይጎድላል። እኔ ለዚህም ትርጓሜ አላጣሁለትም። ሙቀት በዓለም አጀማመር ላይ ስላለው ተጽዕኖ ጽሑፌ ውስጥ አንድ አዲስ ክፍል ጨመርኩ። ዓለም ስትጀምር ቆርቆሮ ጣሪያ እንዳልነበረ ያስታወሰችኝ እሷ ናት።

ጽሑፉን አዘጋጅቼ፣ ስሟን ከእኔ ስም ሥር አስገብቼ እንድትፈርም ሰጠኋት። አልፈርምም አለች። ከየት እንደመጣ የማታውቀውን ነገር፣ አውቀዋለሁ ብላ ለሰው አታሳይም።

«ይህን ካላሳየነው ቦታውን ለሌላ ይሰጠዋል» አልኳት።

«ይስጠው።»

«ሦስተኛሽ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። የምቆጥረው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳኋት። በእኛ አገር ሰላምታ መንሳት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ አላብራራም። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ማሽን ላይ ሁለት ሳምንት ሠራን። እሷ በየጠዋቱ «እንዴት አደሩ» ትላለች፤ እኔ እስላለሁ። በየማታው ደግሞ የዕለቱን ወረቀት፣ ቱቦዎቹ ተዘግተው የተሣለውን ጉብታ፣ በሩ ላይ በመርፌ ሰክታልኝ ትሄዳለች። አሥራ ሁለት ወረቀት ሞላ። በሩ የጉብታ ኤግዚቢሽን መሰለ። ተማሪዎች ቆመው ያዩታል፤ እኔን ሲያዩኝ መንገድ ይለቃሉ፤ ሳልፍ ይሳሳቃሉ።

እንግዳው ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሌላ ኬሚስት ቢሆን ሙከራውን እንደገና ይሠራል። እኔ ሽማግሌ ላክሁ።

የመረጥኳቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ የዕድራችን ዳኛ ሻምበሉ። ሁለተኛው የሾላው ሐጂ፤ የልጅቷ አባትም የእሳቸው የማር ደንበኛ ስለሆኑ ቃላቸው ይሰማል ብዬ። ፋሲካ አልፏል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቦሌ ወደ አባቷ ቤት ሄድን። በወጉ መሠረት እኔ ደጅ ቀረሁ፤ እነሱ ገቡ።

አንድ ነገር ዘንግተን ነበር። ሽማግሌ እንደሚመጣ ለአባትየው ተልኮላቸዋል፤ ለምን እንደሚመጣ ግን የነገራቸው ሰው የለም። ሴት ልጅ ያለው አባት ሽማግሌ ሊመጣ ነው ሲባል የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ አጎት አስጠርተው ጠበቁ። ሻምበሉም እንደ ደንቡ፣ እሺታችሁን ሳንሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አባትየው የሰውየውን ወገንና ሥራ ጠየቁ። ሻምበሉ ሥራው መምህር፣ ወገኑም የተከበረ መሆኑን መሰከሩና፣ ይኸው ራሱም ደጅ ቆሟል ብለው በመስኮት አመለከቱ። አባትየው መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አዩኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ባለ ትዳርና የአምስት ልጆች አባት ነኝ። በዕድሜ ከአባትየው እኔ እበልጣለሁ። ለሰላምታ ባርኔጣዬን አነሳሁ፤ ራሴ መላጣ ነው።

ልጅቷ ከጓዳ ወጥታ ነገሩን ባታስረዳ ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር። አጎትየው እስከ መጨረሻው ድረስ በሙሉ ልብ አላመኑም።

ተጠርቼ ገባሁ። ሻምበሉ ግራ ቀኙን አዳመጡ። እኔ ጉብታው የመጀመሪያዋ ሞለኪውል ናት አልኩ። እሷ ደግሞ፣ አይደለችም አላልኩም፣ ከምን እንደመጣ አላወቅኩም ነው ያልኩት አለች። ሻምበሉ ጦር ሜዳ ላይ ያልፈቱትን ችግር ሁሉ ዕድር ላይ የፈቱ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡና ፈረዱ።

«ጉብታው ለሁለት ይከፈል» አሉ። «ግማሹ የመምህር ይሁን፤ ከዓለም መጀመሪያ የመጣ ይባል። ግማሹ የእሷ ይሁን፤ አይታወቅም ይባል። ለፈረንጁም እንደዚሁ ተደርጎ ይጻፍ። ተስማምታችኋል?»

«ተስማምቻለሁ» አልኩ።

ይህን ቃል ሃያ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ ካስተማረ አፍ ሲወጣ ሰምቼዋለሁ፤ አፉ የእኔ ነበር። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። አልተናደደችም፤ የሚወድቅ ዕቃ የሚያይ ሰው እንደሚያይ ነው ያየችኝ። ያ አስተያየት አላስቀምጥ ስላለኝ ጥፋቷን መዘርዘር ጀመርኩ። በር ላይ ወረቀት ትሰቅላለች አልኩ። ተማሪ ታስቅብኛለች አልኩ። ሌላ ሳጣ፣ መስኮቱን ከፍታ ስለምትተው ንብ እየገባ ማሽኔን ወረሰው አልኩ።

ሐጂ የያዙትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጡ።

«ንቦቹ የት ላይ ነው የሚያርፉት?»

«መገጣጠሚያው ላይ። ሰሙ ላይ።»

«ንብ እንዲህ የምትሰፍረው ማር ሲሸታት ነው፣ መምህር። ስንት ጊዜ አጠሩት?»

 አጎትየው እንኳ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«አንድ ጊዜ» አልኩ።

ሐጂ የሰረቁ ያህል አንገታቸውን ደፉ። «ጥፋቱ የኔም ነው» አሉ። «ጥሬ ሰም ለችኩል ሰው አይሸጥም።»

ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ቀጠሉ። ያልጠራ ሰም ፀሐይ ሲያገኘው ያልበዋል፤ በእኩለ ቀን የሱቃቸው ጠረን ከጠዋቱ ጠረን እንደሚለይ ሾላ የሚያልፍ ሁሉ ያውቃል። ልጅቷ «እኩለ ቀን» የሚለውን ስትሰማ ብድግ አለች። ከላቦራቶሪው በር ነቅላ ቤት ያመጣቻቸውን አሥራ ሁለት ወረቀቶች ከጓዳ አውጥታ ምንጣፉ ላይ ዘረጋቻቸው። ጠዋት ዝቅ፣ ስድስት ሰዓት ላይ እብጥ፣ ማታ ጉድል። ማርም ሰምም ሃይድሮጅን የሞላበት ነገር ነው። ሲሞቅ ትነቱ ወደ ባዶው ይገባል፣ ማሽኑ ይሰባብረዋል፣ ከስብርባሪው ሁለት የሚመዝነው ይቆጠራል። እሷ ስትጠረጥር የከረመችው የፓምፑን ዘይት ነበር። ሰሙን አልጠረጠረችውም፤ ጋሼ በደንብ አጥርተውት ይሆናል ብላ። ይህን ያለችው ለአሽሙር አልነበረም። አሽሙር ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሻምበሉ ፍርዳቸው ስለፈረሰባቸው ቅር አላቸው። «ታዲያ አሁን ጉብታው የማን ነው?» አሉ።

«የንቦቹ» አሉ ሐጂ።

የሳቀ የለም፤ ከእኔ በቀር። ሳቄም እንደ ሳል ነው የወጣው። አባትየው ወረቀቶቹን ዘለው ወደ ዋናው ነገር መጡ፤ ልጄ ትሄዳለች ወይስ አትሄድም ብለው ጠየቁ።  የምናሳየው ጉብታ ነበር፤ አሁን እሱም የለም። የቀረን አምስት ቀን ነው፤ በአምስት ቀን ሰሙን አንስቶ፣ አጥርቶ፣ መልሶ ማሽኑን ባዶ ማድረግ አይቻልም። ልጅቷ ያለውን እንዳለ ጽፋ እንደምታሳየው ለአባቷ ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ እፈርምበት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እፈርማለሁ አልኩ። ሐጂ አስነሱኝና ይቅርታ ጠየቅኳት፤ በዕድሜ ታናሼን፣ በአባቷ ቤት፣ ጋቢ ለብሰው የልጃቸውን ጋብቻ ሲጠብቁ በነበሩ ሰው ፊት። አባትየው መረቁን። ምርቃቱ ውስጥ ስለ እኔ ትዳር ጽናት አንዲት ሐረግ ጣል አደረጉ።

እንግዳው ያረፈው አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል ነው። ጸጉሩ እንዳለ ነው፤ ይህንንም ያለ ቅናት ነው የምናገረው። ልጅቷ ሁለት ገጿን ሰጠችው። ጉብታው ምንጩ ተዘግቶም እንዳለ፣ በጠዋትና በእኩለ ቀን ስንት እንደሆነ፣ ሰሙ ከየት እንደተገዛና ስንት ጊዜ እንደጠራ፣ ንቦቹ የት እንዳረፉ፤ ሁሉም ተጽፏል። በመጨረሻው መስመር፣ ይህ ማሽን ስለ ዓለም አጀማመር እስካሁን ምንም እንዳልነገረን ተገልጿል። እኔ ፈርሜበታለሁ። ይሁን እንጂ ያንን የድሮውን ጽሑፌን፣ ስሜ በሁለት ዓይነት ፊደል ያለበትን፣ በኮቴ የውስጥ ኪስ ይዤ ነበር። ምናልባት ቢጠይቀኝ።

አልጠየቀኝም። ሁለቱን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበና፣ ምንጮቹን የመዝጋቱ ሐሳብ የማን እንደሆነ ጠየቀ። ይህን ወደ እኔ እያየ ነው የጠየቀው። አፌ «የእኛ» ሊል ተከፍቶ ነበር። ከንፈሬን አውቀዋለሁ፤ ለዚህች ቃል ሁልጊዜ ፈጣን ነው።

«የእሷ ነው» አልኩ። «እኔ በዚህ ምክንያት ሁለት ሳምንት ሰላም አላልኳትም።»

ፕሮፌሰሩ ከቦርሳው አንድ ቅጽ አውጥቶ፣ አሠሪዋ ስለሆንኩ ልሞላላት እንደሚገባ ነገረኝ። እነሱ ስለ ማሽኑ ሲያወሩ እኔ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ዕውቀቷ፣ ትጋቷ፣ ጠባይዋ፤ ይህ ቀላል ነበር። አንዱ ጥያቄ ግን፣ አመልካቿ ተሳስታ እርስዎ ያረሟት ጊዜ ካለ፣ እርማቱን እንዴት እንደተቀበለች ይግለጹ ይላል። አራት ዓመት አብረን ሠርተናል። አሰብኩ፤ ላገኝ አልቻልኩም። ባዶ መተው ደግሞ መልስ የሌለው ነገር ያስመስላል። ስለዚህ ጥያቄውን ገልብጬ መለስኩት፤ እኔ ተሳስቼ እሷ ያረመችኝን፣ እኔም እርማቱን እንዴት እንደተቀበልኩ ጻፍኩ። ሳሉን፣ የበሩን ወረቀቶች፣ ሽማግሌዎቹን፣ ጉብታውን ለሁለት ለመክፈል መስማማቴን። ቅጹ አልበቃ አለኝ። ሌላ ወረቀት ስላልነበረኝ የኪሴን ጽሑፍ አወጣሁና ጀርባው ላይ ቀጠልኩ።

ፕሮፌሰሩ አነበበው። ገጹን ሲገለብጥ ከኋላ ያለውን ርዕስና ስሜን አየ። ጨዋ ሰው ነው፤ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ አስገባና፣ መቼ መምጣት እንደምትችል ጠየቃት።

እሷ የክፍል ፈተና እንዳለባት፣ የተማሪዎቿን ወረቀት አርማ ሳትጨርስ መሄድ እንደማትችል ነገረችው። እሱም እስከ መስከረም እንደሚጠብቅ ነገራት። እንባዋ መጣ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችው። እኔ ስለ ፀሐይዋ ብርታት አንድ ነገር ተናግሬ ቀድሜ ወጣሁ።

ወደ መገናኛ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «መገናኛ፣ መገናኛ» ይላል። አንድ ነገር ላደርግላት ፈለግኩ። ለመንገድ ዝግጅት ጊዜ እንድታገኝ፣ የፈተናውን እርማት እኔ እንድጨርስላት ሐሳብ አቀረብኩ፤ መቶ ሃያ ወረቀት ነው፣ ለእኔ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው አልኳት።

«አይ ጋሼ» አለችኝ፤ በትሕትና፣ ክንዴን ያዝ አድርጋ። «እርስዎ ይቸኩላሉ። ራሴ አርሜ ነው የምሄደው።»

ሰኔን ሙሉ አረመች።